የአያት የአንገት ብር

በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ ማንጠልጠያ የተበየደለት አንድ ትልቅ ክብ ብር አይጠፋም። ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ይሉታል። ሰሞኑን አንዲት የሰፈራችን እናት የእናታቸውን አሳዩኝ። ልጃቸው ልትዳር ነው፤ ሙሽራዋ አንገቷ ላይ ልታደርገው ትፈልጋለች። ወንድሟ ግን «1780 ይላል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረ ቅርስ ስለሆነ ብንሸጠው ሠርጉን ይደግስልናል» ብሎ ቤቱ ተከፋፍሏል።

1780 የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፉበት ዓመት ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር)። ገንዘቡ በአገራችንና በቀይ ባሕር ዙሪያ ስለተወደደ፣ ከዚያ በኋላ በቪየናም በሮምም በለንደንም ሲመታ ቁጥሩ አልተለወጠም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመታውም 1780 ይላል። ስለዚህ በቁጥሩ ብቻ ዕድሜውን ማወቅ አይቻልም።

ብር መሆኑን ግን ማየት ይቻላል። ሙሉው 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ማንጠልጠያው ክብደት ይጨምራል፣ ከተበሳ ይቀንሳል። ማግኔት ከሳበው ተዉት። የጥንት ነጋዴዎች በንግሥቲቱ ራስና ትከሻ ላይ ያሉትን ፈርጦች ይቆጥሩ ነበር ይባላል። እኔ ከሁሉም ጠርዙን አምናለሁ፤ ዙሪያውን «ፍትሕና ምሕረት» ማለት የሆነ የላቲን ጽሑፍ አለበት። በመታጠቅ ብዛት ካልተላጨ በጣት ይዳሰሳል። አንበሳና የግዕዝ አኃዝ ካለበት ደግሞ የምኒልክ ብር ነው።

አንጥረኛ አቅልጦ ጉትቻ ወይም አልቦ ከሠራበት፣ መነሻውን ማንም አይነግራችሁም። ሳይቀልጥ ተቆርጦና ተሞርዶ የአንገት መስቀል የሆነም አለ። እንዲህ ያለውን በፀሐይ ዘንበል አድርጋችሁ እዩት፤ የንስሩ ክንፍ ወይም የፊደል ቁራጭ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለ መስቀል ባገኝ ለማንም አልሸጥም።

ወደ ሠርጉ ልመለስ። ከ1000 እጅ 833ቱ ብቻ ንጹሕ ብር ስለሆነ፣ ከአንዱ ማርትሬዛ 23 ግራም ያህል ይገኛል። የተበየደውን ሰብሳቢዎች ብዙም አይፈልጉትም፤ ገዢው በግራም ነው የሚመዝነው። ይህም እንኳን ሠርግ፣ ቅልቅልም አይደግስም። ወንድምየው ይህን ሲሰማ ዝም አለ፤ ብሩም ለሙሽራዋ ሆነ።

ለሠርጉ ቀን ብላችሁ ግን በአመድና በአሸዋ አትፈትጉት፤ የቀረውን ጽሑፍ ያጠፋዋል። ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።