መጋረጃው የተጋረደበት አልጋ
ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴርና ለትምህርት ሚኒስቴር

የነርስ ተማሪዎችን በተግባር ልምምድ የማሠለጥን ነርስ ነኝ። በየዋርዱ መጋረጃ የተጋረደበት አልጋ አለ። ተማሪዎቼ የደም ግፊትና ሙቀት ለክተው፣ ቻርቱ ላይ ጽፈው፣ ከዚያ አልጋ ፈጥነው ይርቃሉ። ልባቸው ደንድኖ አይደለም፤ ፈርተው ነው።

አንዷ ኮሪደር ላይ ያዘችኝና፣ «ሲስተር፣ እማማ ‹እሞታለሁ ወይ?› አሉኝ፤ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። እጇ ይንቀጠቀጣል። መርፌ መውጋትና ካቴተር ማስገባት አስተምሬ ፈትኛታለሁ፤ ለዚህ ጥያቄ ግን አላዘጋጀኋትም። አብረን ተመለስን። ወንበር ስቤ፣ «እማማ፣ ምን አሳሰብዎት?» አልኳቸው። ልጃቸው ከመተማ እስኪደርስ ሕመሙን እንድናቀልላቸው ለመኑን።

አገራችን ለመርዶ እንኳ ወግ አላት። በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ይነገራል። ሆስፒታል ውስጥ ይህ ወግ የለም፤ ሌሊት ሰው ሲያርፍ ተረኛዋ ነርስ ብቻዋን ቤተሰቡ ፊት ትቆማለች። ከዚያ በፊትም ቤተሰቡ «ለእሱ እንዳትነግሪው» ብሎ አደራ ብሏታል፤ በሽተኛው ደግሞ ዓይን ዓይኗን እያየ ይጠይቃታል። በመካከላቸው የቆመችው ገና የሃያ ዓመት ልጅ ናት።

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳለፈው ውሳኔ የማስታገሻ ሕክምና በሐኪሞችና በነርሶች መደበኛ ትምህርት ውስጥ እንዲካተት ጠይቋል። በክፍል የሚሰጥ ገለጻ ብቻውን ግን ይህን ፍርሃት አያስለቅቅም። ተማሪ በሞት አፋፍ ካለ ሰው አጠገብ መቀመጥን የሚማረው መምህሩ ሲቀመጥ አይቶ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ የማስታገሻ ሕክምና ልምምድ ለምረቃ ግዴታ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2003 በአንዲት ነርስ የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ታማሚዎችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይንከባከባል፤ ተማሪዎች ከእንዲህ ያለ ቡድን ጋር ይውጡ። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን በአግባቡ ሲሰጥ ስቃይ ሲያቀል በዓይናቸው ይዩ። የደረቀ ከንፈር ማርጠብን፣ ቀስ አድርጎ ማገላበጥን፣ ቄሱ ወይም ሼኹ ሲመጡ ቦታ መልቀቅን ይልመዱ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ተማሪ የመጀመሪያዋን አስከሬን ገንዛ ስትወጣ፣ ወደ ቀጣዩ አልጋ ከመላኳ በፊት «እንዴት ነሽ?» ብሎ አብሯት የሚቀመጥ መምህር በሥርዓተ ትምህርቱ ይመደብላት፤ ሰዓቱም ተቆጥሮ ይያዝለት።