ግጥሙን ጻፍነው፤ ዜማውስ?

«በሙዚቃ ማስተርስ? ለምኑ?»

ባለፈው ሰሞን ዲላ ከተማ ቡና እየጠጣን ከጓደኞቼ አንዱ ያነሳው ጥያቄ ነው። የሚያውቀው ልጅ በሙዚቃ ሁለተኛ ዲግሪውን ሊማር መሆኑን ሰምቶ ተገርሟል። «ለዘፋኝ ድምፅ እንጂ ዲግሪ ምን ያደርግለታል?» ሲል ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ማታ ዶርም ገብቼ ሳስበው ግን የሳቅሁት በራሴ ላይ እንደነበር ገባኝ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ለፎክሎር ትምህርት የመስክ ሥራ ወናጎ አካባቢ ሄጄ ነበር። እናቶች እንሰት እየፋቁ ይዘፍናሉ፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ግጥሙን በጌዴኦኛ ጻፍኩ፣ ወደ አማርኛ መለስኩ፣ ድምፁንም በሞባይል ቀዳሁ። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ክፍል ውስጥ ሳቀርብ መምህሬ «ዜማውስ?» አሉኝ። ሞባይሌን ከፈትኩ። «ይሄማ ቅጂው ነው፤ አንተ ምን ሰማህ? ተቀባዮቹ የሚገቡት አውጪዋ ስትጨርስ ነው ወይስ ሳትጨርስ? ቅኝቱስ?» ዝም አልኩ። በመጨረሻ «ትዝታ ይመስለኛል» አልኩ። ለምን ትዝታ? የሚቀናኝ ስም እሱ ስለሆነ!

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የታወቁ የቅኝት ስሞች ናቸው። የጌዴኦ እናቶችን ዜማ ሳያጠኑ ከአራቱ በአንዱ መሰየም ግን በሰው ቁና መስፈር ነው። በእኔ አመለካከት የከፍተኛ ሙዚቃ ትምህርት ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው መሣሪያ መጫወት፣ ኖታ ማንበብና መጻፍ ይማራል። ከዚያ በላይ ሲሄድ ደግሞ መስክ ወርዶ ያልተጻፈውን ዜማ ይሰማል፣ በወረቀት ያሰፍራል፣ ከሌላው ጋር ያነጻጽራል፣ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል፤ መልሱንም ፈታኞች ፊት ቆሞ ይከራከርበታል።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዜማ የጀመረ ሰው የአጥቢያው በቃኝ አይልም። ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር ሄዶ ያስመሰክራል። «ለዜማ ይህን ያህል ዓመት?» ብሎ የሚስቅበት የለም። መሪጌታ ነውና ይከበራል።

በዘመናዊው ትምህርትም ምሳሌ አለን። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ ከኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘው ነበር። በዚያ አላበቁም። በ1971 እ.ኤ.አ. ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ ጥናት ዶክትሬታቸውን አገኙ። በ1977 እ.ኤ.አ. ስለ ክራር የጻፉት ጥናት በዓለም አቀፍ የሙዚቃ ምርምር መጽሔት ታትሟል። ክራር እኮ «የሰይጣን መሣሪያ» እየተባለ ሲናቅ የኖረ ነው! የተናቀውን ዕቃ ምሁራን እንዲነጋገሩበት ያደረገው የተማረ ጆሮና ብዕር ነው።

«እንጀራስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ዲግሪ ድምፅ አይሰጥም። ጥላሁን ገሠሠ ዲግሪ ይዞ አልዘፈነም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት የሰጠው ዘፍኖ ካስመሰከረ በኋላ ነው። ሥራውም በየመንገዱ አይገኝም። ግን አሁን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «የክወናና ዕይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት አለ። የጌዴኦን ልጅ የጌዴኦን ዜማ በትክክል የሚያስተምረው መምህር ከየት ይምጣ? መምህሩንስ ማን ያስተምረው?

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ደስ ብሎናል። እንሰቱም፣ ቡናውም፣ ትክል ድንጋዩም ይጠናል። ይህን መሬት ጠብቀው ያቆዩት ሰዎች ግን ሲሠሩ ይዘፍናሉ። ነገ የእንሰት መፋቂያ ማሽን በየጓሮው ሲገባ የእናቶቹ ድካም ይቀንሳል፤ ይቀንስም። ዘፈኑስ? ከሥራው ጋር አብሮ እንዳይሄድ ዛሬ መያዝ አለበት፤ ግጥሙ ብቻ ደግሞ ዘፈን አይደለም።

ስለዚህ የክፍላችን ልጆች፣ ለመስክ ስትወጡ ድምፁን ቅዱ፤ ማን እንደዘፈነ፣ የት፣ ምን እየሠራ እንደዘፈነ ጻፉ፤ ቅጂውንም አታጥፉ። መምህራኖቻችንም ቅጂዎቹ በአንድ ቦታ የሚቀመጡበትን መንገድ ቢያስቡልን መልካም ነው። እኛ የቋንቋውን ድርሻ እንሥራ፤ የዜማውን ድርሻ የሚሠራ ሰው ሲመጣ ባዶ እጃችንን አያግኘን።

ያ የሳቅንበት ልጅ ተምሮ ሲመለስ የመጀመሪያ ሥራው እኔ ጋ ነው። የወናጎ እናቶች ቅጂ አሁንም ሞባይሌ ውስጥ አለ።

ቸር እንሰንብት።