የእንጨት እጣቢ ወደ ወንዝ ሲወርድ

በኦሪት ዘጸአት እንደሚነገረው፥ ሕዝበ እስራኤል ባሕረ ኤርትራን ከተሻገሩ በኋላ ሦስት ቀን ያለ ውኃ ተጉዘው ማራ ከተባለው ስፍራ ደረሱ፤ ነገር ግን የዚያ ስፍራ ውኃ መራራ ሆኖ አገኙት። ሙሴም እግዚአብሔር ያመለከተውን እንጨት በጣለበት ጊዜ ጣፈጠላቸው። አባቶቻችን ያንን ዕፅ በመስቀሉ ይመስሉታል። በማራ የተደረገው ተአምር ነበረ፤ የዕለት ኑሯችን ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሹን ያሳየናል፤ ይኸውም ያለ ጥንቃቄ የተከመረ እንጨት ጣፋጩን ውኃ ሊያመርረው የሚችል መሆኑ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነገር ይሆናል።

ይህን ለመረዳት እመቤቶቻችን ወደ ጓዳቸው መለስ ብለው ቢመለከቱ ይበቃል። የጌሾ እንጨት ሲያዩት ደርቆ የሞተ ይመስላል፤ ነገር ግን ከብርዝ ውስጥ ጥቂት ቀን ከሰነበተ መራራነቱን ሁሉ ለጠጁ ሰጥቶ ይገኛል። እንደዚሁም ማናቸውም እንጨት፥ ይልቁንም ቅርፊቱ፥ በውስጡ ያለውን መራራ ነገር፥ ሙጫና ስኳር ለሚያርሰው ውኃ ይሰጣል። እንጨት ዝናም በመታው ጊዜ ከሥሩ የሚወርደው ሻይ የመሰለ ፈሳሽ ይህ ነው።

በይፋት ቆላ በሸዋ ሮቢት ከተማ ቤት የሚሠራ ሰው ባሕር ዛፍ ያስፈልገዋል፤ አጠናው፥ ሞራሌውና ጣውላው ይከመራል፤ ከመሰንጠቂያውም ሰጋቱራ ይወጣል። በበጋ ወራት ይህ ሁሉ ደርቆ ስለሚቀመጥ ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን ክምሩ በወንዝ ዳር ወይም በቦይ አጠገብ እንደ ሆነ፥ የመጀመሪያው ዝናም በወረደ ጊዜ የብዙ ወር እጣቢ በአንድ ቀን ተጠራርጎ ወደ ሮቢ ወንዝ ይገባል። ወንዙም በዚያን ጊዜ ገና አልሞላምና እጣቢውን የሚበርዝበት በቂ ውኃ የለውም።

እንግዲህ በውኃው ውስጥ የሚሆነው እንደዚህ ነው። በዓይን የማይታዩት ረቂቅ ተሕዋስያን ከእንጨቱ የወጣውን ስኳር ሲመገቡ፥ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። ዓሣም በስንጥቡ የሚተነፍሰው ይህንኑ ስለ ሆነ ይታፈናል። ለቆላ ወንዝ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፥ 30 ዲግሪ ሲደርስ ግን ወደ 7 ተኩል ይወርዳልና። በዚህም ላይ የሰጋቱራው ዱቄት ከወንዙ ወለል ተኝቶ የዓሣውን ዕንቁላልና የነፍሳቱን እጭ ያፍናል። ሊቃውንት በካናዳ አገር ባደረጉት ምርምር፥ አስፐን ከሚባል ዛፍ የግንድ ክምር የወረደው ጥቁር ፈሳሽ በብዙ ንጹሕ ውኃ ከተበረዘ በኋላ እንኳ ዓሣ የሚገድል ሆኖ ተገኝቷል።

የዕፅዋት ኃይል በውኃ ውስጥ ምን ያህል እንደ ሆነ አገራችንም ታውቃለች። በጣና ዙሪያ ባሉት ወንዞች ዓሣ አጥማጆች የብርብራን ፍሬ ወቅጠው ከውኃ ሲጨምሩት ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ፥ የብልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ይህ ዕውቀት ለበሽታ መከላከያ ምርምር መሠረት ሆነ። ከዚህ የምንማረው ግን፥ አንዲት የልብስ አጣቢ እጅ የለቀቀችው ነገር ከእርሷ በታች ያለውን የውኃ ፍጥረት ሁሉ የሚነካ መሆኑን ነው።

ከእንጨቱ ከራሱ ይልቅ የሚከፋው በእንጨቱ ላይ የሚቀባው ነው። ምስጥ በሚበዛበት ቆላ ብዙ ሰው የምሰሶውን እግር በተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባል፤ ይህም ዘይት በዝናም ታጥቦ ከወንዝ ሲደርስ በውኃው ላይ ይንጣለላል። ለኤሌክትሪክና ለስልክ መሥመር ከሚተከሉት ምሰሶዎችም ብዙዎቹ፥ ወይም በክሪዮሶት፥ ወይም መዳብና አርሴኒክ ባለበት መድኃኒት የተነከሩ ናቸው። መዳብ በጥቂቱ እንኳ የውኃ ፍጥረትን ይገድላል፤ አርሴኒክም ለሰው መርዝ ነው። ስለዚህ የእንደዚህ ያለውን ምሰሶ ስባሪ ለማገዶ ማንደድ ፈጽሞ አይገባም፤ ጢሱም አመዱም ልጆቻችንን ይጎዳልና።

ይህን ስንል እንጨት ሁሉ የወንዝ ጠላት ነው ማለታችን አይደለም። ራሱ ወድቆ በውኃ ውስጥ የተጋደመ ግንድ ለዓሣ መጠጊያ ይሆናል፤ የረገፈውም ቅጠል ነፍሳቱን ይመግባል። ጥፋቱ ከልክ ማለፉ ነው። ዓሣው ቢያልቅ ምን ይጎድልብናል የሚል ቢኖርም፥ የትንኝ እጭ ከውኃው በላይ ያለውን አየር ስለሚተነፍስ ኦክሲጅን ባለቀበት ውኃ ሳይታፈን እንደሚቀር፥ እጩን የሚበላው ዓሣ ግን አስቀድሞ እንደሚሞት ያስብ። ትንኝ ባስቸገረው ቆላ ይህ እንደ ቀላል ነገር ሊቈጠር አይገባም።

ታዲያ ምን እናድርግ? እንጨታችንን ከወንዝና ከቦይ አርቀን ከፍ ባለ ስፍራ በድንጋይ ላይ እንደርድረው፤ በላዩም ክዳን እናድርግለት። በዙሪያው ፈር ቀደን እጣቢው ወደ ጉድጓድ ገብቶ በአፈር ውስጥ እንዲጣራ እናድርግ። ሰጋቱራውን ለቅመን ለሰጋቱራ ምድጃ ወይም ለዶሮ ቤት ጕዝጓዝ እናውለው። የምሰሶውንም እግር በዘይት ከመቀባት ይልቅ በድንጋይ መሠረት ላይ ማቆም ይሻላል። የሚጠራጠር ቢኖር፥ ከሁለት ጠርሙስ ውኃ በአንዱ ብቻ አንድ እፍኝ ሰጋቱራ ጨምሮ፥ ከጥቂት ቀን በኋላ ቀለሙንና ሽታውን ከልጆቹ ጋር ያነጻጽር።

ሮቢም ጀውሃም ወደ ምሥራቅ ወደ አዋሽ የሚወርዱ ናቸው። በእነርሱ ውኃ ሽንኩርታችንን እናጠጣለን፤ ከእኛ በታች ያለው የአፋር ወንድማችንም ከብቱን ይዞ ውኃ ይጠብቃል። እኛ በጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱን አጅበን፥ በዝማሬና በእልልታ ወደ ውኃ የምንወርድ ሕዝብ ነን። በዚያች ዕለት ያከበርነውን ውኃ በቀረው ዘመን የቆሻሻ መጣያ ብናደርገው ምን መልስ ይኖረናል? የማራን ውኃ ያጣፈጠ አምላክ ለወንዞቻችን የምንጠነቀቅበትን ልቡና ይስጠን። አሜን።