ማዕበል በዶላር፣ ነፋስ በብር

ቂሊንጦ ላይ የቧንቧና የብረታ ብረት ዕቃ መደብር ያለው አንድ ወዳጄ ሰሞኑን ካልኩሌተሩን ይዞ ቤቴ ድረስ መጣ። ሁኔታውን ሳይ የጉምሩክ ወይም የባንክ ጣጣ የገጠመው መስሎኝ ነበር። ለካስ ጉዳዩ ሌላ ኖሯል። የበኩር ልጁ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ሲጨርስ የጠየቀውን ሊያደርግለት ቃል ገብቶለታል። ልጁ የጠየቀው ደግሞ መኪናም ስልክም አይደለም። «ባሕር ዳር ካለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ሄጄ በጣውላ ላይ ቆሜ ማዕበል መጋለብ እፈልጋለሁ» ነው ያለው። አባት መጀመሪያ ባሕር ዳር ከተማን ያለው መስሎት «ይሄማ ምን ችግር አለው፣ አክስትህ ዘንድ ታርፋለህ» ብሎት ነበር። ልጁ ግን የሚያወራው ስለ ውቅያኖስ ነው፤ ሰርፊንግ ስለሚባለው ጨዋታ።

«ወንድሜ፣ አንተ ሂሳብ ትችላለህ፤ እስቲ ቁጭ ብለን እናስላው» አለኝ። አሰላነው። ውጤቱ ለወዳጄ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን የት እንደሚያውል ለሚያስብ ሁሉ የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘሁት እነሆ።

በዕድሜ ጠና ያልነው ሰዎች ባሕር ሲባል ትዝ የሚለን ምጽዋ ነው። ይሁንና ኤርትራ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ሆነች፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጫር መንገዱ ጭራሹን ተዘጋ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የተከፈተው ድንበርም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ተዘግቷል። ስለዚህ ምጽዋን ከሂሳቡ አወጣናት።

ቀጥሎ ያለችው ጅቡቲ ናት። ታጁራና ኦቦክ ዓሣ አጥማጆች ያሉባቸው የባሕር ከተሞች ናቸው። ነገር ግን ለጋላቢ የሚሆን ትልቅ ማዕበል የሚወለደው ነፋስ ረጅም ርቀት በክፍት ውቅያኖስ ላይ ሲነፍስ ነው፤ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ የተከለለ ውኃ ነው። ከዚህም በላይ የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በ177.721 ሂሳብ የታሰረ ስለሆነ ጅቡቲ ላይ ቁርስ የበላ ሰው ዶላር በላ ማለት ነው።

እውነተኛው ማዕበል ያለው ከኬንያ በኩል፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ነው። አየር መንገዳችን ሞምባሳ ድረስ ይበራል፤ ከዚያ በመኪና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ሲኬድ የዓሣ አጥማጆች መንደር የነበረችው ዋታሙና የማሊንዲ ከተማ ይገኛሉ። የአገሬው ሰው ኩሲ የሚለው የደቡብ ነፋስ የእኛ ተማሪዎች በሚያርፉበት በሐምሌና በነሐሴም ስለሚነፍስ ወቅቱ ይገጥማል። የማይገጥመው ሂሳቡ ነው። ትኬቱ፣ አልጋው፣ የጣውላው ኪራይ፣ የአስተማሪው ዋጋ፣ ሁሉም መጨረሻው ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ሲለቀው በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል። ወዳጄ የአምስት ቤተሰብ ሂሳብ ደምሮ ሲጨርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ይሄ እኮ ዕረፍት አይደለም፤ ዕቃ ማስመጫ ነው!» አለ።

ታዲያ ልጁ ይቅርበት? እኔ አይቅርበት ባይ ነኝ። ለመሆኑ ቂሊንጦ የት ነው ያለችው? የቢራ ፋብሪካው፣ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲውና በዙሪያው የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች የሚገኙት በ2006 ዓ.ም. ከተመረቀው የአዳማ ፈጣን መንገድ አፍ ላይ፣ ከቱሉ ዲምቱ አጠገብ ነው። ከዚያ ተነስቶ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ የታጠፈ ሰው በማለዳ ከወጣ የባቱ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲያራግፉ ይደርሳል። ትንሽ ሲገፋ ላንጋኖን ያገኛል። በርግጥ መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ የሐይቅ ሞገድ የውቅያኖስ ማዕበል አይደለም። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ላንጋኖ ላይ ሸራ የተተከለበት ጣውላ ይሮጣል። ውኃው ቡናማ ቢሆንም ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ ከሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይልቅ ለዋና ይመረጣል። ለባቱ ግን ዓሣው እንጂ ዋናው አይመከርም፤ ቢልሃርዚያም ጉማሬም አለ። ከሁሉ በላይ ደጋ ያደገ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ዋና አይችልም። ውቅያኖስ ዳር ሄዶ በዶላር ውኃ ከሚጠጣ፣ መዋኘቱንም መውደቁንም እዚሁ በብር ቢማር አይሻልም?

እዚህ ላይ ነው የነጋዴው ጥያቄ የሚመጣው። የላንጋኖን መንገድ ያመላከትኩት ወዳጄ «አልጋው፣ ጀልባው፣ አስተማሪው የት አለ?» ሲለኝ አፌ ተያዘ። ባለፈው ዓመት እኔ ራሴ ስሙን ከማልጠራው የሐይቅ ዳር ማረፊያ ገብቼ ጀልባ ብጠይቅ «ለአዳሪ ብቻ ነው» ተባልኩ፤ የዋና ጃኬት ብጠይቅ የለም ተባልኩ። ከአጥሩ ወዲያ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው ጀልበኛ «ጋሼ፣ እኔ እወስድዎት ነበር፣ ግን በዚህ በኩል አያሳልፉኝም» አለኝ። ገንዘብ ያለው ገዢ በአጥሩ ውስጥ፣ ዕቃ ያለው ሻጭ ከአጥሩ ውጪ! እንዲህ ያለ ገበያ መርካቶ ላይ አንድ ቀን አያድርም፤ ደላላው ያገናኘዋል።

በእኔ አስተያየት ሐይቅ ዳር የጎደለን ሌላ ባለ ግንብ አጥር ሪዞርት አይደለም። የጎደለን ንጹሕ አልጋ ያላቸው ጥቂት ክፍሎች፣ የዋና ጃኬት ያለው ጀልባ፣ ጥቂት ጣውላና ነፋሱን የሚያውቅ ሰው ነው። ነፋሱን የሚያውቀው ደግሞ ዓሣ አጥማጁ ነው፤ የባቱ ጀልበኛ ወደ ደሴቶቹ በማለዳ የሚሻገረው ከሰዓት በኋላ ሐይቁ እንደሚናወጥ ስለሚያውቅ ነው። በዐቢይ ጾም ወራት ዓሣው ይፈለጋል፣ ዋጋውም ይወጣል። ፋሲካ ሲያልፍ ፊቱ ሁሉ ወደ ሥጋ ይዞርና የዓሣ ገበያው ይቀዘቅዛል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በዚያው በቀዘቀዘው ወቅት ነው። ከዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጋር በድርሻ የሚዋዋል ባለሀብት ሥራ የፈታ ጀልባና ሥራ የፈታ ተማሪ አገናኘ ማለት ነው። አቶ በቀለ ሞላ በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ ሆቴሎቻቸውን ሲያቆሙ ያዩት መንገደኛው የት ደክሞት እንደሚቆም ነበር። የዛሬው መንገደኛ የሚቆምበት ቦታ ተለውጧል እንጂ ድካሙ አልተለወጠም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ሐይቅ ዳር ቦታ የሚገዛ ሰው ዋናው ንብረቱ ውኃው እንጂ መሬቱ አለመሆኑን አይርሳ። ሐረማያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ አይተናል፤ ኋላ ውኃው ቢመለስም ደንበኛ ያን ያህል ዓመት አይጠብቅም። አብያታም ከላይ ውኃው እየተጠለፈ ብዙ ሸሽቷል። ዝዋይ ላይ የመስኖው ፓምፕ፣ እምቦጩና ጠባብ ቀዳዳ ያለው መረብ ተባብረው ይዘውታል። ውኃው ሲሸሽ የሐይቅ ዳር ቦታ የሜዳ ቦታ ይሆናል፤ ያኔ ካርታውን ይዞ ደላላ ጋ መሮጥ አያድንም። ስለዚህ ባለሀብቱ ለሐይቁ ደህንነት መጮህ ያለበት ለጽድቅ ሳይሆን ለካፒታሉ ሲል ነው።

ወዳጄ በመጨረሻ ልጁን ወደ ላንጋኖ ለመውሰድ ወስኗል። መጀመሪያ ዋና ይማራል፤ ውኃው ላይ መቆም ከቻለ በኋላ ሞምባሳን እንነጋገርበታለን ብለው ተስማምተዋል። አባትየው ግን ካልኩሌተሩን ወደ ኪሱ ሲመልስ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «የዋና ጃኬት በጅምላ ስንት ይገባል?»

ነጋዴ ዕረፍት ላይም ነጋዴ ነው። ይህን ጥያቄ የሚጠይቁ ቢበዙልን ምን ነበረበት!