የዓሣው ዕዳ በእህቴ ደመወዝ

በዚህ እትም ስለ ባሕር ዓሣ እንደምጽፍ ለክፍሌ ልጆች ስነግራቸው ሳቁብኝ። አንዱማ «ባሕር በሌለው አገር ተቀምጠህ ስለ ባሕር ዓሣ? ምን ነካህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ራሴ የማውቀው ዓሣ ጾም ሲሆን ምግብ ቤት የምበላውን የሐይቅ ቆሮሶ ብቻ ነበር። ግን ታሪኩን ስሙኝና ከዚያ ፍረዱ።

ታላቅ እህቴ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጅዳ ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ሦስት ልጆች ትይዛለች። ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ የጨው ውሃ ዓሣ የሚኖርበት፣ ርዝመቱ ከእሷ ቁመት የሚበልጥ የመስታወት ገንዳ አለ። መስታወቱን መወልወል፣ ምግብ መበተን፣ የጎደለውን ውሃ መሙላት የእሷ ሥራ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ያስተማራት ሰው የለም። «ዓሣ ነው፣ ምን ይከብዳል?» ነው የተባለችው። (በነገራችን ላይ የሚተነው ውሃው እንጂ ጨው አይደለም፤ ስለዚህ የሚሞላው ንጹሕ ውሃ ነው። ይህንን እንኳ የነገራት እኔ ነኝ፣ ያውም ከአንድ ዓመት በኋላ።)

አንድ ሐሙስ ማታ ባባ፣ የቤቱ ጌታ ማለቷ ነው፣ አዲስ ዓሣ በፌስታል ይዞ ገባ። ሰውነቱ ሐምራዊ፣ ጅራቱ ቢጫ፣ የቀይ ባሕር ዓሣ። «ሳይሞት ቶሎ ጨምሪው» አላት። ጨመረችው፤ ከነውሃው። በአምስተኛው ቀን ክንፉ ላይ የጨው እንክብል የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች ታዩ። እህቴ ደንግጣ ለማዳም አሳየች። በሰባተኛው ቀን ነጥቦቹ ጠፉ። «ተሻለው» ተባለ። ከዚያ ከሳምንት በላይ ቆይቶ ነጥቦቹ ተመለሱ፤ አሁን ግን በስምንቱም ዓሣዎች ላይ ነበሩ። በወሩ መጨረሻ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ለሞቱት ስድስት መቶ ሪያል ከደመወዟ ተቆረጠ። ምክንያት? «ምግብ አብዝተሽ ነው።»

ስልክ ደውላ ስታለቅስ እኔ የማውቀው ነገር አልነበረም። ሆኖም የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ አይደል፣ ቢያንስ ማጣራት እችላለሁ ብዬ ላይብረሪ ገባሁ። ያነበብኩትን በድምፅ እየቀዳሁ እልክላት ጀመር። ሁለታችንም አብረን ተማርን ማለት ይቻላል።

በሽታው ነጭ ነጥብ ይባላል፤ የሚያመጣው ክሪፕቶካርዮን የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ከዓሣው ቆዳ ሥር ገብቶ ጥቂት ቀናት ይመገባል፤ የምናየው ነጥብ ያኔ ነው። ከዚያ ራሱ ይለቅና አሸዋው ላይ ወይም ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ሽፋን ያበጃል። በዚያ ሽፋን ውስጥ አንዱ ወደ ብዙ መቶዎች ይራባል። ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ሽፋኑ ተቀዶ ልጆቹ አዲስ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። እንግዲህ ነጥቡ ሲጠፋ «ተሻለው» የተባለው፣ በሽታው ለመባዛት የወረደበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። እህቴ ይህን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ምግቡ ምን አደረገ?» አለች።

መዳኒቱ አለ፤ መዳብ ነው። ነገር ግን መዳብ ተሕዋሱን በሚገድልበት መጠን ሽሪምፑን፣ ቀንድ አውጣውንና ኮራሉንም ይገድላል። ስለዚህ ሳሎን ገንዳ ውስጥ አይጨመርም። ከተበከለ በኋላ ያለው መንገድ ዓሣዎቹን በሙሉ አውጥቶ በሌላ ዕቃ ማከም፣ ገንዳውንም ተሕዋሱ የሚያርፍበት አጥቶ እስኪያልቅ ያለ ዓሣ መተው ነው። ስድስት ሳምንት ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ጠንቃቆቹ ግን 76 ቀን ይቆጥራሉ። አዲሱን እንግዳ መጀመሪያውኑ ለብቻው አንድ ወር ማቆየት ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያል።

የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም። አርባ ወይም ስልሳ ሊትር የሚይዝ ገንዳ፣ ማሞቂያ፣ አየር የሚነፋ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ ዓሣው የሚደበቅበት ቁራጭ የፕላስቲክ ቱቦ። አሸዋና ድንጋይ አይገባበትም፤ መዳቡን ይመጡታልና። ይህን የሚቃወሙም አሉ። «ባዶ ዕቃ ውስጥ ማጨናነቅ ራሱ ዓሣውን ይገድለዋል፣ ጤነኛ ዓሣ በሽታውን ይቋቋማል» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ስፖንጁ ቀደም ብሎ ዋናው ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ካልያዘ፣ ዓሣው በራሱ ቆሻሻ፣ በአሞኒያ ይመረዛል። ግን ይህ በትክክል አድርጉት የሚያሰኝ እንጂ ተዉት የሚያሰኝ አይመስለኝም።

ፌስታሉም የራሱ ታሪክ አለው። ዓሣው ታሽጎ ብዙ ሰዓት ሲጓዝ ትንፋሹ ውሃውን አሲዳማ ያደርገዋል፤ አሲዳማ ሲሆን ደግሞ የተጠራቀመው አሞኒያ መርዝነቱ ይቀንሳል። ፌስታሉ ሲከፈት የታመቀው ጋዝ ይወጣል፣ አሲዱ ይቀንሳል፣ መርዙ ይነሳል። ለማላመድ ብሎ ከሩቅ የመጣ ዓሣን በተከፈተው ፌስታል ውስጥ ጠብታ በጠብታ እያንጠባጠቡ ሁለት ሰዓት ማቆየት፣ ደግነት መስሎ ጉዳት ይሆናል። የሚሻለው ፌስታሉን ሳይከፍቱ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፎ ሙቀቱን ማመጣጠን፣ ከዚያ ዓሣውን ብቻ አውጥቶ የፌስታሉን ውሃ መድፋት ነው። ጨዉስ? የማቆያው ውሃ ጨው አስቀድሞ ከሱቁ ውሃ ጋር እኩል ይደረጋል፤ ብዙ ሱቆች ከባሕሩ ዝቅ አድርገው ነው የሚይዙትና። ከዚያ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ዓሣ ከጨዋማ ወደ ቀለል ያለ መሄዱን ይችላል፤ ከቀላል ወደ ጨዋማ በድንገት መግባት ግን ይጎዳዋል፣ ሰውነቱ ውሃ ያጣል። «ቶሎ ጨምሪው» ማለት ይህን ሁሉ መዝለል ነው።

እኔ የምለው ይህ ነው። ሁለተኛ ገንዳ ለመግዛት የሳሳ ሰው ያንን ዓሣ ባይገዛ ይሻላል። ከባሕሩ የተያዘ ፍጥረት ነው፤ የሳሎን መጋረጃ አይደለም። ሻጩም ዓሣውን ስንት ቀን እንዳቆየው፣ ጨዉ ስንት እንደሆነ ሳይናገር ፌስታል አስሮ ቢሰጥ ሥራውን ሠራ አልለውም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን መረቡን የያዘችው ሴት መቀጣቷ ነው። ገዢው አላነበበም፣ ሻጩ አልተናገረም፣ የከፈለችው የማታውቀዋ ሆነች።

እህቴ ግን «ለይቶ ማቆያ» የሚለውን ቃል ከእኔ አልተማረችም። ግንቦት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ በነበረበት ወቅት ከቤይሩት ስትመለስ፣ ተማሪ ወደ ቤቱ በተሸኘበት የዩኒቨርሲቲ ዶርም ሁለት ሳምንት ተቀምጣለች። እናታችን አጥሩ ጋ ድረስ ምግብ ይዛ ሄዳ ሳታያት ተመልሳለች። «ያኔ እኮ ተናድጄ ነበር» አለችኝ፤ «ለካ ለእማዬ ነው።»

በኋላ ማዳምን አሳመነቻት። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ልጆቹ ለሞቱት ዓሣዎች ስላለቀሱ ይሆናል። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ትንሽ ገንዳ ተቀመጠላት፣ የጨው መለኪያም ተገዛ። ስድስት መቶው ሪያል አልተመለሰም። ሳሎን ያለው ገንዳ 76 ቀኑን ጨርሷል፣ የተረፈውም ዓሣ ታክሞ ገብቷል። ባለፈው ወር ደግሞ ሁለት አዳዲስ መጡ።

ከትናንት ወዲያ የግድግዳ ካላንደር ፎቶ ላከችልኝ። አሥራ ዘጠኝ ቀን በእስክሪብቶ ተሰርዟል። ከሥሩ ድምፅ አለ፤ «ባባ መጥቶ መቼ ነው ሳሎን የሚገቡት አለኝ። ገና ነው ባባ አልኩት። እሺ ብሎ ሄደ።»