«እረኛው» ቢሉህስ?

«ዋሽንት ገዛሁ፤ ድምፅ ማውጣት ግን አቃተኝ። ጓደኞቼ ደግሞ ‹እረኛው› እያሉ ያሾፉብኛል። ልተወው ወይ?» የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል። ኧረ ወንድሜ፣ አትተወው!

እኔም አምበር ላይ ከብት ስጠብቅ ነው ያደግሁት። ያስተማረኝ አጎቴ ሲሆን መጀመሪያ ነገር ጣቴን ከለከለኝ። አንተም እንዲሁ አድርግ። አራቱም ቀዳዳ ክፍት ይሁን። ዋሽንቱን አትጉረሰው፤ ዘመም አድርገህ ጠርዙን ከንፈርህ ላይ አሳርፍና ቀስ ብለህ እፍ በል። በጉልበት ከነፋኸው ይጮህብሃል። ድምፁ ሲጠራልህ በእግርህ መሬቱን እየመታህ ትንፋሽህን በየምቱ ቆንጠር ቆንጠር አድርገህ ልቀቀው። ጣት ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ዲጄሪዱ እኮ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ ምቱ የሚወጣው ከትንፋሽ፣ ከምላስና ከጉንጭ ነው!

ስለ ሹፈቱ ደግሞ… እኔም አዲስ አበባ ስገባ አፍሬ ዋሽንቴን አልጋ ሥር ሸሸግሁት። ከዓመታት በኋላ ለፋሲካ አገር ቤት ስሄድ አጎቴ «እስቲ ንፋልኝ» አለኝ። ትንፋሼ ተቆራረጠ። ምንም ሳይናገር ተቀብሎኝ ራሱ ነፋው። ዛሬ እሱ የለም፤ ያ ዜማም አብሮት ሄደ።

ለጓደኞችህ ግን ይህን ንገራቸው፦ ዋሽንት ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይማሩታል፤ ዮሐንስ አፈወርቅም በኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ስሙን ያስጠራው በዋሽንቱ ነው።

በል እፍ በል! ጎረቤት ከተቆጣ በእኔ አሳብ።