ጣሪያ ላይ ያልወጣ ኢንስፔክተር «ደህና ነው» የሚለው ምኑን አይቶ ነው?

አሜሪካ ውስጥ፣ ሀበሻ በብዛት በሚኖርባቸው የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰፈሮችም ጭምር፣ ቤት የሚገዛ ሰው ለኢንስፔክተር በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል። ፎቶ የሞላበት ሪፖርትም ይደርሰዋል። የምድጃው ፎቶ አለ፣ የበሩ እጀታ ፎቶ አለ፣ የልብስ ማድረቂያው ማሽን ፎቶም አለ። የድራየሩ ቱቦ ጣሪያ ላይ የሚወጣበት አፍ ግን ብዙ ጊዜ ከመሬት በተነሳ ፎቶ ላይ እንደ ነጥብ ይታያል፤ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። አጠገቡ የተጻፈው ደግሞ «ደህና ነው» የሚል ነው።

ይህ ምርመራ ሳይሆን ገንዘብ የተከፈለበት ግምት ነው።

ጉዳዩ እንደ ትንሽ ነገር ይታያል፤ ትንሽ ግን አይደለም። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ያለውን መረጃ ይዞ ባወጣው ሪፖርት፣ በመኖሪያ ቤቶች በዓመት 2,900 ገደማ የድራየር ቃጠሎ እንደሚደርስ፣ 5 ሰው እንደሚሞትና 100 ሰው እንደሚጎዳ ገምቷል። ቀዳሚው ምክንያት አለማጽዳት ነው፤ 34 በመቶውን ይይዛል።

የውሃው ጉዳይ ደግሞ አለ። ከእርጥብ ልብስ የሚወጣው ሊትር ከሊትር የሚደመር ውሃ በእንፋሎት መልክ በዚያ ቱቦ ያልፋል። ቱቦው በጎን ግድግዳ ቢወጣ መንገዱ አጭር በሆነ ነበር። በጣሪያ ሲወጣ ግን በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ያለውን ቀዝቃዛውን አቲክ ያቋርጣል። ክረምት ላይ ሙቀት መከላከያ ያልለበሰ ቱቦ ውስጥ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ተለውጦ ወደ ታች ይመለሳል። የጨርቁ ብናኝ ረጥቦ እንደ ጭቃ መታጠፊያው ላይ ይለጠፋል፤ የቱቦው መጋጠሚያ ይዝጋል፤ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል። ባለቤቱ «ጣሪያው አፈሰሰ» ብሎ ጣሪያ ሠሪ ይጠራል። ጣሪያው ይለጠፋል፣ ገንዘብ ይከፈላል፣ ነጠብጣቡ በሚቀጥለው ክረምት ይመለሳል።

ከዚህ የባሰው ቱቦው አቲክ ውስጥ ሲላቀቅ ነው። ያን ጊዜ እንፋሎቱ በሙሉ የጣሪያውን እንጨት እየመታ ሻጋታ ያበቅላል። ማሽኑ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የተዘጋ ቱቦ የሚመልሰው እርጥበት ብቻ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድም አብሮ ወደ ቤት ሊገባ ይችላል።

ሕጉ የጠፋ አይደለም። ብዙ ግዛቶች መነሻ የሚያደርጉት የመኖሪያ ቤት ግንባታ ሕግ የድራየር ቱቦ ውስጡ ልሙጥ የሆነ የብረት ቱቦ እንዲሆን፣ ስፋቱ 4 ኢንች እንዲሆን፣ አፉ ላይ አየር ወደ ኋላ የማያስገባ ተከፋች መዝጊያ እንዲኖረውና ወንፊት እንዳይደረግበት ያዝዛል። የማሽኑ አምራች ሌላ ካላለ በቀር ርዝመቱ ከ35 ጫማ አይበልጥም፤ ከዚያም ላይ ለእያንዳንዱ መታጠፊያ ተቀናሽ አለ። ጣሪያ ላይ ሲወጣ የሚታየው ግን ሌላ ነው፦ ለመታጠቢያ ቤት ማራገቢያ የተሠራ ባለ ሽቦ መረብ ክዳን፣ በብናኝ ተጣብቆ የማይከፈት መዝጊያ፣ የወፍ ጎጆ፣ ዙሪያው የተሰነጠቀ ማሸጊያ። ከመሬት ሆኖ ይህን የሚያይ ዓይን የለም።

ኢንስፔክተሮች መልስ አላቸው። ጣሪያ ያንሸራትታል፤ የታወቁት የሙያ ማኅበራት ደንቦችም ጣሪያ ላይ የመራመድ ግዴታ አይጥሉም። እውነት ነው፤ ማንም ሰው ለፎቶ ሲል ከጣሪያ ወድቆ እንዲሰበር አይጠየቅም። ግን ደንቡ «አለመውጣት ይቻላል» አለ እንጂ «ያላየኸውን መስክር» አላለም። መሰላል አለ፣ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አለ፣ ድሮን አለ። ይህ ሁሉ ባይሆን እንኳ «አልታየም» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ያቺን አንዲት ቃል መሸሽ ግን ሽያጩ እንዳይደናቀፍ ከሚደረግ ይሉኝታ ያለፈ ምክንያት የለውም።

ገዢውን «ኢንስፔክሽኑን ተወው፣ ቤቱ ያመልጥሃል» የሚለው የወገን ደላላም ከዚህ ወቀሳ አይድንም። ኮሚሽኑን በክሎዚንግ ቀን ይወስዳል፤ ሻጋታው ግን ከቤተሰቡ ጋር ይቀራል።

እንግዲህ ገዢ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ። የቱቦው አፍ የት ነው? በቅርብ ያየው ማን ነው? ማሽኑ ሲሠራ መዝጊያው ተከፈተ ወይ? አቲክ ውስጥ መጋጠሚያው ታይቷል? ፎቶውስ? በቤቱ የሚኖር ሰውም፣ አንድ ዙር ልብስ ለማድረቅ ማሽኑ ድሮ ከሚወስደው እጥፍ ሰዓት ከወሰደበት፣ ማሽኑን ከመቀየሩ በፊት ባለሙያ ጠርቶ ጣሪያውን ያስፈትሽ። ታውንሀውስና ኮንዶ ከሆነና ጣሪያው የማኅበሩ ከሆነ፣ ፍተሻው በየዓመቱ መደረጉን በጽሑፍ ይጠይቅ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በዚህ ጉዳይ ቅጠሉ አንድ መሰላልና አንድ እውነተኛ ቃል ነው፦ ካልታየ፣ «አልታየም» ይባል።